“ዕውቅና ያለው እትም”፦ የ2023ቱ የኦጂኤል ውዝግብ የጉዳይ ጥናት

ጃንዋሪ 5 ቀን 2023 ጊዝሞዶ የተባለው ድረ ገጽ ከዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሾልኮ የወጣ የፈቃድ ረቂቅ ይዞ ብቅ አለ። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊዛርድስ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ማለትም ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ፣ አሳታሚ ሲሆን የሃስብሮ ንብረት ነው። ረቂቁ ከ2000 ጀምሮ እጅግ ብዙ የሚና ጨዋታ መጻሕፍት የታተሙበትን ኦፕን ጌም ላይሰንስ 1.0ኤ፣ በምህጻር ኦጂኤል፣ ከእንግዲህ ዕውቅና ያለው ፈቃድ አይደለም ይላል። በ22ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 27፣ ኩባንያው ዕቅዱን ትቶ 400 ገጽ ያህል የሚሆነውን የጨዋታውን መሠረታዊ ሰነድ ማንም ሊጠቀምበት በሚችል፣ በማይሻር ፈቃድ ለቀቀው።

ግራ የሚያጋባው ነገር የክርክሩ ዕቃ ራሱ ነው። የጨዋታ ደንብ በአብዛኛው የማንም ንብረት አይደለም። ታዲያ ያለ ፈቃድ ሊጠቀሙበት በሚችሉት ነገር ላይ የተሰጠ ፈቃድ ይነሳል ሲባል አሳታሚው ሁሉ ለምን ደነገጠ? ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ሕጉ የት ድረስ እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚደበዝዝ ማየት ያስፈልጋል።

ደንቡ እና ደንቡ የተጻፈበት ቋንቋ

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 102(ለ) ጥበቃው ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ሂደትንና ሥርዓትን እንደማይሸፍን ይደነግጋል። ሥሩ በ1879 የተወሰነው የቤከርና የሴልደን ክርክር ነው። የሴልደን መጽሐፍ አንድ የሒሳብ አያያዝ ዘዴ ያስተምር ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም መጽሐፉ የደራሲው ነው፣ ዘዴው ግን ለሁሉም ክፍት ነው አለ። የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ ይህን ወደ ጨዋታ ሲያመጣው የጨዋታ ሐሳብ፣ የጨዋታ ስምና የአጨዋወት ዘዴ በቅጂ መብት አይጠበቁም ይላል።

ሁለት ውሳኔዎች ነገሩን ያጠሩታል። በ1967 በሞሪሲ እና በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ክርክር ጉዳዩ የአንድ ዕጣ ውድድር ደንብ ነበር። ፍርድ ቤቱ አንድ ደንብ ሊጻፍ የሚችልባቸው መንገዶች በጣም ጥቂት ከሆኑ ጽሑፉም ሳይቀር አይጠበቅም፣ ያለዚያ ጽሑፉን የያዘ ሰው ደንቡን ራሱን ይይዛል አለ። ሁለተኛው የ2016ቱ የቴክሳስ ውሳኔ ነው። ባንግ የተባለው የካርታ ጨዋታ አሳታሚ ዳቪንቺ ዚኮ ጌምስን ከሰሰ፤ የተከሰሰው ጨዋታ ሚናዎቹንና የካርታዎቹን ችሎታ እንዳለ ወስዶ የካውቦይ ዓለሙን በጥንታዊት ቻይና ተክቶት ነበር። ስሙና ሥዕሉ የተለየ በመሆኑ የቀረው ሁሉ ደንብ ነው ተባለ፤ ከሳሹም ተሸነፈ።

ስለዚህ ባለ 20 ፊት ዳይስ ጥሎ ድምሩን ከአንድ ግብ ቁጥር ጋር ማነጻጸር፣ ከችሎታ ነጥብ ላይ 10 ቀንሶ ለ2 በማካፈል ወደ ታች ማጠጋጋት፣ ደረጃ፣ የሕይወት ነጥብ፣ የጦር ዕቃ መከላከያ ቁጥር፤ እነዚህ ሁሉ ለማንም ክፍት ናቸው። የሚጠበቀው ዓረፍተ ነገሩ፣ ታሪኩ፣ ሥዕሉ፣ የተፈጠረው ገጸ ባሕርይና ዓለሙ ነው።

የሚና ጨዋታ ግን ከካርታ ጨዋታ ይለያል። መጽሐፉ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያለው ዝርው ጽሑፍ ነው፤ ደንቡና ልብ ወለዱም እንደ ድርና ማግ ተሸምነዋል። ፋየርቦል የተባለውን አስማት ውሰዱ። 150 ጫማ ይደርሳል፣ 20 ጫማ ራዲየስ ይሸፍናል፣ 8 ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጎዳል፣ በቅልጥፍና ያመለጠ ግማሹን ብቻ ይቀበላል። ይህ ደንብ ነው። ከጠንቋዩ ጣት ምን እንደሚወጣና እንዴት እንደሚፈነዳ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ግን የጸሐፊው ነው። አንዱን አስማት ለይቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ ከ300 በላይ አስማቶችን በአንድ ላይ፣ ከነምርጫቸው፣ ከነስማቸውና ከነደረጃቸው መውሰድ የት ላይ ድንበር እንደሚያልፍ ግን አንድም ፍርድ ቤት በቀጥታ አልነገረንም። ትንሽ አሳታሚ ቢከራከር ሊረታ ይችላል፤ ግን እስኪረታ ድረስ የጠበቃ ክፍያው ድርጅቱን ይዘጋዋል። ኦጂኤል ዋጋ ያገኘው ከዚህ ነው። ፈቃዱ አሳታሚውን ከፍርድ ቤት ደጅ ያድነው ነበር።

የ2000ው ውል ምን ሰጠ፣ ምንስ ወሰደ

የጨዋታው የመጀመሪያ አሳታሚ ቲኤስአር በ1990ዎቹ ተወዳዳሪዎችን በመክሰስ፣ ተጫዋቾችም በኢንተርኔት የሚለጥፉትን በመከልከል ይታወቅ ነበር። ዊዛርድስ ቲኤስአርን በ1997 ገዛው፤ ሃስብሮ ደግሞ በ1999 ዊዛርድስን። ሦስተኛው እትም በ2000 ሲወጣ በራያን ዳንሲ መሪነት ፈቃዱ ተቀረጸ። ስሌቱ ንግዳዊ ነበር፦ ሌሎች አሳታሚዎች ትርፋቸው ጠባብ የሆነውን ተጨማሪ መጽሐፍ ይሥሩ፣ ዋናውን መጽሐፍ እኛ እንሽጥ።

ውሉ ይዘትን ለሁለት ይከፍላል። ክፍት የጨዋታ ይዘት የተባለውን ማንም ይቀዳል፣ ያሻሽላል፣ ይሸጣል። የምርት መለያ የተባለውን ማንም አይነካም፤ በዊዛርድስ ዝርዝር ውስጥ ቢሆልደር፣ ማይንድ ፍሌየር፣ ዩዋን ቲ የመሳሰሉ ጭራቆች ነበሩ። በአንቀጽ 4 ፈቃዱ ዘለቄታዊ፣ ዓለም አቀፍና ያለ ክፍያ ነው። በአንቀጽ 13 የሚቋረጠው ተጠቃሚው ውሉን ሲጥስና ጥሰቱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ሳያርም ሲቀር ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ክፍል አንቀጽ 7 ነው። የሌላውን የንግድ ምልክት አንጠቅስም፣ መጽሐፋችን ከዚያ ጨዋታ ጋር ይሄዳል ብለንም አንጽፍም ብሎ ያስፈርማል። ከውሉ ውጭ ያለ ሰው “ይህ ዕቃ ከዚያኛው ጋር ይሠራል” ብሎ እውነቱን የመናገር መብት በንግድ ምልክት ሕግ አለው። ኦጂኤልን የፈረመ ሰው ግን ይህን መብት በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል። ፈቃዱ ስጦታ ብቻ እንዳልነበረ፣ ልውውጥም እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ውሉ ባልታሰበ አቅጣጫም አደገ። ኦስሪክ የተባለው ጨዋታ በ2006 ከሦስተኛው እትም ሰነድ ቃላቱን በፈቃድ ወስዶ፣ የ1970ዎቹን ደንብ በአዲስ አነጋገር እንደገና ሠራ። ዊዛርድስ በ2008 አራተኛውን እትም ጠበቅ ባለ ሌላ ፈቃድ ሲያወጣ ፓይዞ የተባለው አሳታሚ የሦስተኛው እትም ማሻሻያ በሆነው በ3.5 ሰነድ ላይ ቆሞ በ2009 ፓዝፋይንደር የተባለውን የራሱን ጨዋታ አሳተመ። ከደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አንድም ደንብ ያልወሰዱ ጨዋታዎችም፣ ለምሳሌ ፌት፣ የገዛ ደንባቸውን ለሌሎች ለመክፈት ይህንኑ የውል ጽሑፍ ተጠቀሙ። የውሉ ጽሑፍ የቅጂ መብት ግን የዊዛርድስ ነበር። አምስተኛው እትምም በ2016 ማጣቀሻ ሰነዱን፣ በምህጻር ኤስአርዲ፣ በዚሁ ፈቃድ አወጣ።

ረቂቁ ውስጥ የነበረው

ሾልኮ የወጣው ኦጂኤል 1.1 አሳታሚዎችን በገቢ በሦስት ደረጃ ይመድባል። በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ያስገባ ገቢውን ያሳውቃል። ከ750,000 ዶላር በላይ ያስገባ ከዚያ በላይ ካለው 25 በመቶ ይከፍላል፤ ገንዘቡን ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ካሰባሰበ 20 በመቶ። ዊዛርድስ ውሉን በ30 ቀን ማስታወቂያ ሊለውጥ ወይም ሊያቋርጥ ይችላል። በተጨማሪም ፈቃድ ተቀባዩ የሚሠራውን ሁሉ ዊዛርድስ ያለ ክፍያ፣ ለዘለቄታው፣ ለማንኛውም ዓላማ የመጠቀም መብት ይወስዳል። በዚህኛው ላይ ቃሉ “የማይሻር” ነው። ለራሱ የሚወስደውን የማይሻር፣ ለሌላው የሚሰጠውን በ30 ቀን የሚሻር አድርጎ መጻፉ ከሁሉ በላይ ያስቆጣው ነጥብ ይመስለናል፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር።

ክፍያው በትርፍ ላይ ሳይሆን በገቢ ላይ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡ ይናገራል። 2,000,000 ዶላር ያስገባ አሳታሚ ከ750,000 በላይ ያለው 1,250,000 ነው፤ ሩቡ 312,500 ዶላር። ከኅትመት፣ ከመላኪያ፣ ከሥዕልና ከደመወዝ በኋላ የቀረው ትርፍ 10 በመቶ ቢሆን 200,000 ዶላር ነው። እንግዲህ በተሳካለት ዓመት 112,500 ዶላር ይከስራል። በ1,000,000 ዶላር ገቢ ደግሞ ክፍያው 62,500 ይሆንና 100,000 ከነበረው ትርፍ 37,500 ብቻ ይተርፋል። የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ አድርጎ መጽሐፉን ገና ያላደረሰ አሳታሚ ዋጋውን አስቀድሞ ስለቆረጠ ልዩነቱን ከማንም ሊጠይቅ አይችልም።

ፍርድ ቤት ያልደረሰው ክርክር

የዊዛርድስ መነሻ አንቀጽ 9 ነበር። አንቀጹ ዊዛርድስ የተሻሻለ እትም ሊያወጣ እንደሚችል ይገልጽና ተጠቃሚው በማንኛውም እትም የተለቀቀን ክፍት ይዘት ለመጠቀም ዕውቅና ያለውን ማንኛውንም እትም መምረጥ ይችላል ይላል። ቃሉ የገባው ተጠቃሚውን ለመጠበቅ ነው፤ አዲሱ እትም ካልተስማማህ በአሮጌው ቀጥል ለማለት። በ2023 ግን ተገልብጦ ተነበበ፦ ዕውቅና የሰጠ ዕውቅና ይነፍጋል፤ የተነፈገው እትምም ሊመረጥ አይችልም።

ለዚህ ንባብ በር የከፈተው የአንድ ቃል አለመኖር ነው። ውሉ ዘለቄታዊ እንጂ የማይሻር አይልም። ዘለቄታዊ ማለት የማብቂያ ቀን የለውም ማለት ነው፤ የማይሻር ማለት ሰጪው ተመልሶ ሊነጥቅ አይችልም ማለት ነው። በ2000 ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ያይ ነበር። ክፍት ሶፍትዌር የሚለቀቅበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሦስተኛ እትም በ2007 ሲወጣ የማይሻር የሚለውን ቃል በግልጽ ጨመረ፤ ኦጂኤል ግን በ2000 እንደተጻፈ ቀረ።

የተቃዋሚዎቹ ወገን ክርክር ደካማ አልነበረም። አንቀጽ 13 የውሉን መቋረጫ አንድ ምክንያት ብቻ ጠቅሶ ሌላ አይጨምርም። ዊዛርድስ ራሱ በ2000ዎቹ ባወጣው ማብራሪያ ለውጡ ያልተስማማው ሰው በቀደመው እትም መቀጠል ይችላል ብሎ ነበር። ይህን ቃል አምነው ሌሎች ለ20 ዓመት ንብረት አፍርተዋል፤ ቃል ሰጥቶ ሌላውን ካስገነቡ በኋላ ቃልን ማጠፍን ሕግ በቀላሉ አያልፈውም። እኛ እንደምናነበው ይህ ወገን የሚረታበት ዕድል ሰፊ ነበር። ቢሆንም የመጽሐፍ ማተሚያ ገንዘብ “ሰፊ ዕድል” ላይ አይፈስም።

22ቱ ቀናት

ኮቦልድ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ ጃንዋሪ 10 የራሱን የደንብ ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በኋላ ቴልስ ኦፍ ዘ ቫሊያንት የሆነው ነው። ጃንዋሪ 12 ፓይዞ ከኬዮስየም፣ ከግሪን ሮኒንና ከሌሎች ጋር ሆኖ በማንም አሳታሚ እጅ የማይሆን፣ ኦርክ የተባለ ፈቃድ እንደሚያወጣ ገለጸ። ተጫዋቾች በበኩላቸው ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ለተባለው የጨዋታው የኢንተርኔት አገልግሎት ያላቸውን ደንበኝነት በጅምላ ሰረዙ። ጃንዋሪ 13 ዊዛርድስ የክፍያውንና የሌላውን ሥራ የመውሰዱን ሐሳብ ተወ፤ ጃንዋሪ 19 ኦጂኤል 1.2 የተባለ ረቂቅ አቀረበ። አሮጌውን ፈቃድ የመንፈጉ ነገር ግን በዚህም ውስጥ ነበር።

ረቂቁን ለመጠይቅ ማቅረቡ ነው የመለሰው። ከ15,000 በላይ ሰዎች መልስ ሰጡ። 88 በመቶው በ1.2 ሥር ሥራቸውን ማሳተም እንደማይፈልጉ፣ 89 በመቶው የ1.0ኤ መነፈግ እንዳላስደሰታቸው፣ 86 በመቶው የኮምፒውተር ላይ የጨዋታ ጠረጴዛዎችን የሚመለከተውን ፖሊሲ እንዳልወደዱት ተናገሩ። መጠይቁ እስከ ፌብሩዋሪ 3 ሊቆይ የታሰበ ቢሆንም ጃንዋሪ 27 ውሳኔው ወጣ፦ 1.0ኤ ሳይነካ ይቀራል፤ የአምስተኛው እትም ማጣቀሻ ሰነድ፣ ኤስአርዲ 5.1፣ ምንጩን የጠቀሰ ማንም እንዲጠቀም በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ አትሪቢዩሽን 4.0 ሙሉ በሙሉ ተለቋል።

ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ይበልጣል። 1.0ኤ ሳይነካ ይቆያል ማለት ተስፋ ነው፤ ተስፋ ደግሞ ሌላ አስተዳደር ሲመጣ ሊታጠፍ ይችላል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ 4.0 ግን የማይሻር መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ጽሑፉም የዊዛርድስ አይደለም።

ለሁሉም ግን አልበቃም። የተለቀቀው 5.1 ብቻ ነበር። ፓዝፋይንደር የበቀለው ከ3.5 ስለሆነ ፓይዞ መውጫውን ራሱ መቁረጥ ነበረበት። ኦርክ በ2023 አጋማሽ ተጠናቅቆ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም ዋና መጻሕፍት ከኦጂኤል ውጭ ተጽፈው ታተሙ። ዘጠኙ የሥነ ምግባር ወገኖች ወጡ፣ ስምንቱ የአስማት ትምህርት ቤቶች ወጡ፣ የችሎታ ነጥብ ቀርቶ ከእሱ ይሰላ የነበረው ማስተካከያ ብቻ ተረፈ፣ ማጂክ ሚሳይል ፎርስ ባሬጅ ሆነ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በቅጂ መብት የሚጠበቁ አልነበሩም። የተቆረጡት ከደብዛዛው ድንበር ራቅ ብሎ ለመቆም ነው። ዋጋውን ተጫዋቹም ከፍሏል፤ የለመዳቸውን ቃላት እንደገና ተምሯል።

ዛሬ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ምን ያድርግ

መጀመሪያ የእያንዳንዱን አንቀጽ ምንጭ መመዝገብ ነው። የሠንጠረዡ ዓምዶች አራት ይሁኑ፦ የራሴ፣ ከኤስአርዲ 5.1፣ በኦጂኤል ከሌላ አሳታሚ የመጣ፣ ምንጩ ያልታወቀ። ያልታወቀው እንደገና ይጻፋል፤ ምናልባት ክፍት ነው በሚል ግምት አይታለፍም። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ለዓመታት ሲጫወት የለመደውን አነጋገር የራሱ አድርጎ ያስባል።

እንደገና የሚጻፈውን ነገር ሁለት ሰዎች ይሥሩት። አንደኛው ከምንጩ ቁጥሩንና ቅደም ተከተሉን ብቻ ያወጣል፦ ርቀት 150፣ ራዲየስ 20፣ ጉዳት 8 ባለ 6 ፊት፣ ያመለጠ ግማሽ። ሁለተኛው ምንጩን ሳይከፍት ከዚህ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የመቅዳት ክስ የሚቆመው የቀደመውን ሥራ በማየትና በጽሑፉ መመሳሰል ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የተወሰደው ቁጥር ብቻ መሆኑን ያሳያል። ወረቀቱን ከነቀኑ አስቀምጡት።

ስሞች ለብቻ ይጣራሉ። ኤልፍ፣ ድዋርፍ፣ ጎብሊን፣ ድራጎን ከአፈ ታሪክ የመጡ ናቸው። ቲኤስአር ግን በ1970ዎቹ ከቶልኪን መብት ባለቤቶች ተቃውሞ ሲደርስበት ሆቢትን ሃፍሊንግ፣ ኤንትን ትሪየንት፣ ባልሮግን ቤይለር ማለት ግድ ሆኖበታል። ደንቡ ሳይነካ የወጣው ስሙ ብቻ ነበር።

ከ5.1 የወሰደ ሰው በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን የምስጋና ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ያኖራል፤ የለወጠው ነገር ካለ መለወጡን ይገልጻል። ሰነዱ ዊዛርድስን በሌላ መንገድ እንዳይጠቅሱ ይጠይቃል፤ “ከአምስተኛው እትም ጋር የሚስማማ” ብሎ መጻፍ ግን ይፈቅዳል። የጨዋታው ዓርማ በዚህ ፈቃድ ውስጥ የለም፤ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የንግድ ምልክትን አይሰጥም። ጥሰት ፈቃዱን ወዲያው ያቋርጣል፤ ከታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ከታረመ ግን ይመለሳል።

በኦጂኤል ከሌላ አሳታሚ የወሰደ ሰው ትልቁ አደጋው የምንጮቹ የቅጂ መብት ማስታወቂያ የሚዘረዘርበት አንቀጽ 15 ነው። የምንጩን መጽሐፍ አንቀጽ 15 እንዳለ፣ ከላይኞቹ ምንጮች ጋር ይገለብጥና የራሱን መስመር በመጨረሻ ይጨምራል። ሦስተኛው መጽሐፍ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከኤስአርዲ ወስዶ ከሆነ ሦስቱም መስመሮች ሊኖሩ ይገባል፤ አንድ መስመር ቢጎድል ውሉ ተጥሷል። የትኛው ገጽ ክፍት እንደሆነም በግልጽ ይመልከት። “ደንብ የሆነው ሁሉ ክፍት ነው” ብሎ ማለፍ በጣም የተለመደ ነው፤ ግን ቀጣዩን ተጠቃሚ እዚያው ደብዛዛ ድንበር ላይ ይጥለዋል። የ5.1 ይዘትና የኦጂኤል ይዘት በአንድ መጽሐፍ ከተቀመጡ በየምዕራፉ ይለዩ።

ኦርክን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በኦርክ ሥር በሚወጣ መጽሐፍ ውስጥ ያለ የጨዋታ ደንብ ሁሉ፣ አዲስ የፈጠሩትም ጭምር፣ በራሱ ለሌሎች ክፍት ይሆናል፤ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይና ሥዕል ግን ለባለቤቱ ይቀራል። በክሪኤቲቭ ኮመንስ አትሪቢዩሽን ግን የጨመሩትን የመክፈት ግዴታ የለም። ከእኛ ወስደው ያሻሻሉት ወደ እኛ እንዲመለስ የሚፈልግ ቡድን ኦርክን፣ የጨመረውን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ ደግሞ 5.1ን ቢይዝ ይሻለዋል።

በአፕሪል 2025 ኤስአርዲ 5.2 ወጣ፤ ይህኛው በቀጥታ በክሪኤቲቭ ኮመንስ 4.0 ነው። 5.1ን እና 5.2ን አቀላቅሎ የሚጠቀም መጽሐፍ የሁለቱንም የምስጋና ዓረፍተ ነገር ለየብቻ ማኖር አለበት፤ የአንዱ ለሌላው አያገለግልም።